የገጨኝ ሰካራም ነው፤ ገንዘቡ ግን ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተነጋግረው የመጡ ይመስላሉ፣ የሠርግ ሰሞን ካለፈ በኋላ ሁሌም እንዲህ ነው፣ ሰክሮ የነዳ ሰው ስላደረሰው ጉዳትና ስለ ካሳ ነው የምትጠይቁኝ። ሦስቱን በሰፊው የቀሩትን ባጭሩ እመልሳለሁ። ጠያቂዎቹ በሙሉ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ስለሆኑ መልሱም የዛው ሰፈር ነው፣ ዳላስ ወይ ሲያትል ያላችሁ ሕጋችሁ ሌላ ነው። እኔ ደግሞ ሎየር አይደለሁም፣ የመኪና አደጋ ኬዝ የሚይዝ ቢሮ ውስጥ ፓራሊጋል፣ የሎየር ረዳት ማለት ነው፣ ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን አንብባችሁ ሎየር ጋ ደውሉ እንጂ ይሄንን ይዛችሁ ፍርድ ቤት እንዳትሄዱ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ኡበር እነዳለሁ። ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ አርሊንግተን ውስጥ ፓሴንጀር አውርጄ ቀጣዩን እየጠበቅኩ ስነዳ ቀይ መብራት ጥሶ የመጣ ሰው በጎን ገጨኝ። ፖሊስ ሲያስነፋው የአልኮሉ መጠን 0.19 ወጣ። እኔ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ብረት ገብቶልኛል፣ ሁለተኛ ሰርጀሪ ይቀርሃል ተብያለሁ፣ ሥራ ካቆምኩ አራት ወር አለፈኝ። የሰውዬው ኢንሹራንስ በየሳምንቱ እየደወለ "ስቴትመንት ስጠንና እንጨርስ" ይለኛል፣ ጓደኞቼ ደግሞ ሰካራም ስለሆነ ሚሊዮን ታገኛለህ ይሉኛል። ማንን ልስማ?
ታ. ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድሜ ታ.፣ እግዜር ይማርህ። ሁለቱንም አትስማ።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም፣ ወንጀል የሚሆነው ከ0.08 ጀምሮ ነው፣ 0.19 ነፍቶ ቀይ መብራት የጣሰ ሰው አላጠፋሁም ብሎ የትም አይደርስም። ጭንቀቱ ገንዘቡ የት አለ የሚለው ነው። ሰው ስለሰከረ ሀብታም አይሆንማ! ሰውዬው ቤዝመንት ተከራይቶ የሚኖር ደሞዝተኛ ከሆነ ዳኛው ሚሊዮን ቢፈርድልህም ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ታየዋለህ እንጂ ቤት ኪራይ አይከፍልልህም። ለዛ ነው እኛ ቢሮ ሰው ሲመጣ ከስካሩ በፊት የሰውዬው ኢንሹራንስ ስንት ነው ብለን የምንጠይቀው።

ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ያለው ሰው የግድ መያዝ ያለበት ትንሹ ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 30 ሺህ ዶላር ነበር፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ በተገዛ ወይ በታደሰ ፖሊሲ ላይ 50 ሺህ ሆኗል፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ ተደምሮ ደግሞ 100 ሺህ። ብዙ ሰው ከዚህ ከትንሹ በላይ አይገዛም። ሁለት ሰርጀሪ ያለበት ቁርጭምጭሚት ደግሞ 50 ሺህን ገና ፊዚካል ቴራፒ ሳይጀመር ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ የሚታየው የራስህ ፖሊሲ ነው፣ የኛ ሰው ገንዘቡን ጥሎ የሚሄደውም እዚህ ጋ ነው፣ "ገጭቶኝ እያለ ለምን የራሴን ኢንሹራንስ እነካለሁ፣ ዋጋ ይጨምሩብኛል" ይላል። ፖሊሲህን አውጣና የመጀመሪያውን ገጽ እየው፣ "አንኢንሹርድ" እና "አንደርኢንሹርድ ሞተሪስት" የሚል መስመር አለ። የገጨህ ሰው ኢንሹራንስ ከሌለው ወይ ያለው ካልበቃ የሚከፍልህ ያ መስመር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ወዲህ በተገዛ ወይ በታደሰ ፖሊሲ ላይ ይሄ ሽፋንህ በሰውዬው ኢንሹራንስ ላይ ይደመራል፣ ድሮ ግን የሱ ካንተ ላይ ይቀነስ ነበር። ለምሳሌ አንተ 100 ሺህ፣ እሱ 50 ሺህ ካላችሁ ድሮ በጠቅላላው የምታገኘው እስከ 100 ሺህ ነበር፣ አሁን እስከ 150 ሺህ ነው፣ ፕሪሚየም ለማስቀነስ ብለህ "መደመሩን አልፈልግም" ብለህ ካልፈረምክ በቀር። አንድ ነገር ልብ በል፣ ለራስህ ኢንሹራንስ ሳታሳውቅ ከሰውዬው ኢንሹራንስ ጋር ጨርሰህ ከፈረምክ ይሄንን ሁለተኛውን ገንዘብ ልታጣው ትችላለህ። "እንጨርስ" እያለ የሚደውልልህ ሰውዬ ይሄን አይነግርህም፣ ሥራው አይደለም።

አንተ ደግሞ ኡበር ስለሆንክ ተጨማሪ ጣጣ አለብህ። አብዛኛው የግል ፖሊሲ አፑ በርቶ እያለ የደረሰ ነገር አይመለከተኝም ይላል፣ ራይድሼር የሚል ተጨማሪ ካልገዛህ። የኡበሩ ኢንሹራንስ ደግሞ እንደ ሰዓቱ ይለያያል፣ ጥሪ ከተቀበልክ እስክታወርድ አንድ ሚሊዮን ዶላር አለ የሚባለው እውነት ነው ግን እሱ አንተ ለምትጎዳው ሰው የሚከፈል ነው፣ አንተን ሌላ ሰው ሲጎዳህ የሚመጣው ሽፋን ለብቻው ነው፣ ፓሴንጀር መኪናው ውስጥ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አንተ አውርደህ ቀጣዩን እየጠበቅክ ነበር። ስለዚህ አፑ ላይ ያለውን የዛን ሌሊት ትሪፕ ታሪክ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርገህ አስቀምጥ፣ መቼ እንዳወረድክ መቼ እንደተገጨህ በደቂቃ የሚታየው እዛ ነው።

ጓደኞችህ ሚሊዮን የሚሉት ነገር ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ቨርጂኒያ ከካሳው ሌላ የቅጣት ገንዘብ፣ ፓኒቲቭ የሚሉትን፣ ሰክሮ በነዳ ሰው ላይ ትፈቅዳለች፣ ሕጉ ላይ የተቀመጠው ቁጥር 0.15ና ከዛ በላይ ነው፣ ያንተ ሰውዬ 0.19 ስለሆነ ቁጥሩን ያልፋል። ግን ፓኒቲቭ ጣሪያው 350 ሺህ ዶላር ነው፣ ሚሊዮን አይደርስም። ታክስም ይከፈልበታል፣ ለአካል ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ላይ ግን ፌዴራል ታክስ የለም። እና ገንዘቡ ከየትኛው ኪስ ይወጣል የሚለው ጥያቄ እንዳለ ነው። ቢሆንም ለድርድር ትልቅ ጉልበት ነው፣ ጁሪ ፊት 0.19 የሚል ወረቀት እንዲነበብ የሚፈልግ ኢንሹራንስ የለም።

ስቴትመንት የሚሉህን ለሰውዬው ኢንሹራንስ የመስጠት ግዴታ የለብህም። እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ ነገር ልናገር። ስልኩ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ "ዛሬ እንዴት ነህ" ነው። እኛ ደግሞ እግራችን ተቆርጦ አልጋ ላይ ብንሆን እንኳ "ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው መልሳችን፣ አስተዳደጋችን ነው፣ ሰው ፊት አናማርርም። ያ ቃል ይቀዳል። ሐኪም ቤትም እንደዛው፣ ዶክተሩ ሲጠይቅህ "ይሻላል ተመስገን" ካልክ ፋይሉ ላይ የሚገባው "ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል" የሚል ነው፣ ከስምንት ወር በኋላ ያንን መስመር የኢንሹራንሱ ሎየር እየጠቆመ ያነብልሃል። ተመስገን ማለቱን ለጎረቤት አድርገው፣ ለዶክተሩ ግን የት እንደሚያምህ፣ ደረጃ መውጣት እንደማትችል፣ ሌሊት እንደማያስተኛህ ቁጭ አድርገህ ንገረው። ቀጠሮም አትዝለል። ቴራፒውን አቁመህ ሁለት ወር ፀበል ከሄድክ ለነሱ ያ ሁለት ወር አንተ የዳንክበት ጊዜ ነው፣ ፀበሉም ይቀጥል ቴራፒውም አይቋረጥ።

ሌላው የገቢህ ነገር ነው። በሳምንት 1,500 ዶላር እሠራ ነበር ልትል ነው፣ እውነትህንም ነው። እነሱ ግን የሁለት የሦስት ዓመት ታክስ ሪተርን ይጠይቃሉ፣ እዛ ላይ ደግሞ ማይሌጁን ቤንዚኑን ስልኩን ሁሉ ቀንሰህ ዓመቱን ሙሉ 14 ሺህ ነው ያገኘሁት ብለህ ፈርመህ ከሆነ የጠፋ ገቢህ የሚሰላው ከ14ቱ ነው። ኡበር በምትነዱ ሰዎች ኬዝ ላይ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ግን የተፈረመ ወረቀት ነውና ምንም አይደረግም። ቢያንስ ከአፑ የሳምንት ሳምንት ገቢህን አውርደህ ለሎየርህ ስጠው፣ ትርፉን ባይሆን ሥራውን ስንት ሰዓት ትሠራ እንደነበር ያሳያል።

ጊዜህ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ዓመት ነው፣ ከአደጋው ቀን ጀምሮ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ፍርድ ቤት ብትሄድ የሰውዬው ስካርም የእግርህ ብረትም ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። የዘመዳችን ሠርግ ላይ አምሽተን የአጎቴ ልጅ ነበር የነዳው፣ ጠጥቷል፣ እኔም ትንሽ ጠጥቻለሁ አልዋሽም፣ ብዙ የጠጣ አልመሰለኝም ነበር። ቤልትዌይ ላይ ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር አጋጨን። ትከሻዬ ተሰብሯል፣ ሁለት ጥርሴ ወልቋል። አሁን ኢንሹራንሱን ልጠይቅ ስል ቤተሰቡ በሙሉ ተነሳብኝ፣ "የአጎትሽን ልጅ ልትከሺ ነው?" እያሉኝ ነው። ምን ይሻለኛል?
ሳ.

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የቤተሰቡን እንጨርስ። ወረቀት ላይ የሚጻፈው የሱ ስም ነው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ግን በየወሩ ፕሪሚየም የሚቀበለው ኢንሹራንስ ነው። ሜሪላንድ ትንሹ ሽፋን ለአንድ ሰው 30 ሺህ ዶላር ነው፣ አብዛኛው እንዲህ ያለ ክሌም ፍርድ ቤት ሳይደርስ እዛው በደብዳቤ ነው የሚያልቀው፣ የአጎትሽ ልጅ ቤቱን አይሸጥም። ይሄን አጎትሽ ጋ ቁጭ ብለሽ አስረጂው፣ ብዙ ጊዜ ጠቡ የሚመጣው "ክስ" የምትለው ቃል ስለምታስፈራ ነው። ኢንሹራንሱ ዋጋ እንደሚጨምርበት ግን አትደብቂው፣ ለነገሩ በዲዩአዩ፣ ማለትም ሰክሮ በመንዳት፣ ተይዞ ከሆነ ዋጋው አንቺ ብትጠይቂም ባትጠይቂም መጨመሩ አይቀርም።

አሁን የሚከብደው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ኖርዝ ካሮላይናና አላባማ ሌላው አሜሪካ የተወውን አንድ ክፉ ሕግ ይዘው ቀርተዋል፣ ተጎጂው ራሱ ትንሽም ቢሆን ጥፋት ካለበት፣ አንድ ፐርሰንትም ቢሆን፣ ካሳው በሙሉ ሊቀር ይችላል። በሌላው ስቴት ቢሆን 20 ፐርሰንት አጥፍተሻል ተብሎ 20 ፐርሰንት ይቀነስብሽ ነበር፣ እዚህ ግን ዜሮ። ሰክሮ ከሚነዳ ሰው ጋር ሰክሯል ብሎ እያወቀ መኪና ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ አደጋውን ፈቅዶ ገብቷል ይባላል። የሱ ኢንሹራንስ መጀመሪያ የሚመዘው ይሄን ነው። ስለዚህ ያንቺ ኬዝ ያለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፣ መስከሩን ታውቂ ነበር ወይ፣ ማወቅስ ነበረብሽ ወይ? አንድ ጠረጴዛ ላይ አብራችሁ አምሽታችሁ ከሆነ ይከብዳል። አንቺ ሚዜ ሆነሽ ሌላ ቦታ ከነበርሽ፣ እሱ ምን ያህል እንደጠጣ ካላየሽ፣ ሲነሳ ሲራመድ ደህና ከነበረ፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። እውነቱን ለሎየርሽ እንዳለ ንገሪው፣ አንድም ቃል አታሳምሪው፣ ምክንያቱም የሠርጉ ቪዲዮ አለ፣ ቴሌግራም ላይ የቤተሰቡ ግሩፕ አለ፣ እዛ ግሩፕ ላይ "እንደዛ ጠጥቶ ለምን አስነዳችሁት" ተብሎ የተጻፈ ነገር ካለ ኬዙ ፍርድ ቤት ከደረሰ የነሱ ሎየር ሊያስቀርበው ይችላል። አሁን ተነስተሽ አታጥፊውም፣ ማጥፋቱ ከመጻፉ የባሰ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን እዛ ላይ አትጻፊ።

እንደዛም ሆኖ ባዶ እጅሽን አትቀሪም። ሜሪላንድ ውስጥ ፒፕ የሚባል ሽፋን አለ፣ ትንሹ 2,500 ዶላር ነው፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን መኪናው ውስጥ ለነበረ ሰው ለሕክምናና ለቀረ ደሞዝ ይከፍላል፣ ባለ መኪናው ሲገዛ አልፈልግም ብሎ ካልተወው በቀር። የራስሽ መኪና ካለሽ የራስሽንም ፖሊሲ እይ። ለጥርሱ እሱ ብቻ አይበቃም፣ ግን መነሻ ነው።

አዳራሹን ልክሰስ ወይ ብለሽ እንዳትደክሚ ደግሞ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አጠጥቶ የለቀቀን ቤት መክሰስ አይቻልም፣ ትልቁ ፍርድ ቤት በ2013 ቀርቦለት አልቀበልም ብሏል። ፓኒቲቭ የሚባለውም ቨርጂኒያ እንጂ ሜሪላንድ ላይ ለስካር ብቻ አይሰጥም፣ ሆን ብሎ ሊጎዳሽ ካላሰበ በስተቀር። የጊዜ ገደብሽ ሦስት ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ለልጄ ክርስትና ከአዲስ አበባ በቪዚተር ቪዛ መጥታ ዲሲ ውስጥ መንገድ ስትሻገር መኪና ገጫት፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ከርማ ወጥታለች። ነጂው ሰክሮ ነበር፣ ዩ ስትሪት ካለ ባር ነው የወጣው፣ የኛው አገር ልጅ ነው። አሁን ሽማግሌ ልኮብናል፣ የምናከብራቸው ሰዎች ናቸው፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን አባት ናቸው። አሥር ሺህ ዶላር እንስጣችሁ፣ ክሱን አንሱለት፣ ወረቀት ላይ ፈርሙ ይላሉ። እናቴ "ይቅር ብዬዋለሁ፣ እኔ ወደ አገሬ ልሂድ" ትላለች። በዛ ላይ ቪዛዋ ያልቃል፣ በቪዛ የመጣ ሰው መጠየቅ ይችላል እንዴ?
ሕ. ከዋሽንግተን

መልስ፦ ሕ. እህቴ፣ ለእናታችን ምህረት ያውርድላቸው። ይቅርታቸው የሳቸው ነው፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይነካውም። ያቺ ወረቀት ግን ሌላ ጉዳይ ናት፣ እንዳትፈርሙ።

ሽማግሌዎቹ ክሱን አንሱ ሲሉ ምን እንደሚሉ እነሱም ያወቁት አይመስለኝም። አገር ቤት ቢሆን ታርቀናል ብሎ መሄድ ያስኬዳል። እዚህ ሰክሮ በመንዳት የከሰሰው የዲሲ አቃቤ ሕግ ቢሮ ነው፣ እናትሽ ምስክር ናቸው እንጂ ከሳሽ አይደሉም፣ ስለዚህ የሚያነሱት ክስ የላቸውም። እንዲያውም ምስክር ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ ገንዘብ ማቅረብ ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል፣ አባታችንን ጨምሮ ማለት ነው። ይሄን በአክብሮት ንገሯቸው፣ ቡናውን አፍሉላቸው፣ ግን ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ይመለስ። እናትሽ ለነጂው ማዘን ከፈለጉ ዳኛው ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የሳቸውን ቃል ይሰማል፣ ይቅር ብዬዋለሁ ማለት የሚቻለው እዛ ነው።

ወረቀቷ ላይ ያለው ምን እንደሆነ አላየሁትም ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አብዛኛው "ከአሁን በኋላ ምንም አልጠይቅም" የሚል ነው። አሥር ሺህ ዶላር ለተሰበረ ዳሌ! የሆስፒታሉ ቢል ስንት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ለቪዚተር የሚገዛው የጉዞ ኢንሹራንስ ካላቸው መጀመሪያ እሱን ጠይቂ፣ በኋላ ካሳ ሲመጣ የከፈለውን መልስልኝ ሊል ይችላል፣ ያ የተለመደ ነው።

በቪዛ ስለመምጣታቸው አትጨነቂ፣ ካሳ ለመጠየቅ ዜግነትም ግሪን ካርድም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላም ኬዙ ይቀጥላል፣ ቃላቸውን ብዙ ጊዜ በቪዲዮ መስጠት ይቻላል። ግን ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ያለውን ሁሉ ጨርሱ፣ የሆስፒታሉን ሪከርድና የኤክስሬዩን ሲዲ ያዙ፣ አዲስ አበባ የሚቀጥሉትን ሕክምና ደግሞ ማህተም ያለበት ደረሰኝ ይቀበሉበት፣ የታክሲውም ሳይቀር። የሚያግዝ ሰው ከተቀጠረላቸው የከፈላችሁትን ጻፉ። ከአደጋው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበርም እንዲሁ፣ ገበያ ራሳቸው ይሄዱ ከነበረ፣ እንጀራ ራሳቸው ይጋግሩ ከነበረ፣ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው ዳሌ መሰበር ምን እንደወሰደባቸው የሚናገሩት።

ከሦስቱ ጠያቂዎች የተሻለ ሕግ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፣ አደጋው ዲሲ ውስጥ ስለሆነ። ለሳ. የነገርኳትን የአንድ ፐርሰንት ሕግ ዲሲ በ2016 ባወጣው አዋጅ ለእግረኛና ለሳይክል ነጂ አንስቶለታል፣ የሰካራሙ ኢንሹራንስ "ቀይ ላይ ነው የተሻገሩት" ቢል እንኳ የሳቸው ጥፋት ከሱ ካልበለጠ ካሳው አይቀርም። ሁለተኛው ባሩ ነው። ዲሲ ውስጥ ሰክሮ ለሚታይ ሰው መጠጥ የሸጠ ቤት ሊጠየቅ ይችላል፣ ይሄ ከ1987 የፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ የጸና ነው። ያው ሰውዬ ያንኑ መጠጥ ድልድዩን ተሻግሮ አርሊንግተን ቢጠጣው ኖሮ ባሩን የሚነካው አልነበረም፣ ቨርጂኒያ በ1986 በሩን ዘግታለች። ባሩ መጠየቅ ቻለ ማለት ደግሞ ከነጂው ትንሽ ፖሊሲ ውጪ ሁለተኛ ኢንሹራንስ ተገኘ ማለት ነው። ግን የባሩ ካሜራ በራሱ ላይ እየደረበ ይቀዳል፣ ባንዳንድ ቤት በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፣ ሎየር ቶሎ ይዘሽ "ቪዲዮውንና የዛን ሌሊት ሂሳብ አታጥፉ" የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው አድርጊ። ይሄን ጽሑፍ አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ መጀመሪያ የምትሠሪው እሱን ነው።

በተጨማሪ የዲሲ ሱፒሪየር ኮርት ውስጥ የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ፕሮግራም አለ፣ ሰክሮ በነዳ ሰው የተጎዳን ይጨምራል፣ እስከ 25 ሺህ ዶላር ነው፣ ኢንሹራንስ ያልከፈለውን ቢል ነው የሚሸፍነው። ማመልከቻው ባንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ለመደበኛው ክስ ግን ሦስት ዓመት አላችሁ።

ባጭሩ፦

ፌርፋክስ ያሉ አንድ አባታችን የገጫቸው ሰው ክሱ ከስካር ወደ "ሬክለስ ድራይቪንግ" (በግድየለሽነት መንዳት) ዝቅ ተደርጎለት በትንሽ ቅጣት መለቀቁን ጽፈው "እንግዲህ የኔም ነገር አከተመለት ማለት ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። አላከተመም ጋሼ። የወንጀሉና የካሳው ለየብቻ ናቸው። ለወንጀሉ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት፣ ለካሳው ግን ሚዛኑ ወደ እርስዎ ትንሽ ካደላ በቂ ነው። የቀድሞ ሚስቱንና ጓደኛዋን ገድሏል ተብሎ የተከሰሰውን ኦጄ ሲምፕሰንን ያስታውሱታል፣ በ1995 ነፃ ነው ተብሎ ወጥቶ በ1997 በካሳ ክስ 33.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት። የትንፋሹ ቁጥርም ከ0.08 በታች ቢሆን ለካሳ ክስ አይዘጋም፣ ከነዳበት ሁኔታ ጋር ተደምሮ ይታያል።

ሎየር 40 ፐርሰንት ይወስዳል ይባላል እውነት ነው ወይ ላላችሁ፣ የተለመደው ክስ ሳይመሠረት ካለቀ አንድ ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤት ከገባ 40 ነው፣ ካላሸነፈ አይወስድም። ግን ከፐርሰንቱ ውጪ ወጪ የሚባል አለ፣ የሪከርድ ማውጫ፣ የዶክተር ምስክርነት፣ እሱ ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። አደጋ በደረሰ በማግስቱ ማን ቁጥራችሁን እንደሰጠው የማታውቁት ሰው "ጥሩ ሎየርና ጥሩ ኪሮፕራክተር አለኝ" ብሎ ከደወለ ደግሞ ስልኩን ዝጉት፣ አማርኛ ቢናገርም፣ በተለይ አማርኛ ቢናገር።

የመጨረሻው ደብዳቤ ስም የለውም። "እኔ ነኝ ጠጥቼ የገጨሁት፣ ሰውየው ተጎድቷል፣ የምከፍለው የለኝም፣ ባንክራፕሲ ባስገባ ይሰረዝልኛል ወይ?" ይላል።

አይሰረዝም ወንድሜ። የፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ ክሬዲት ካርድህን፣ የሆስፒታል ቢልህን ሊያወርድልህ ይችላል፣ ሰክረህ ነድተህ ሰው ላይ ያደረስከውን የአካል ጉዳት ወይ የሞት ዕዳ ግን ስሙን ጠርቶ ለይቶ አውጥቶታል፣ ከደሞዝህ ላይ እየተቆረጠ ዓመታት ሊከተልህ ይችላል። የወንጀሉ ሎየርህ እስኪመጣ ለፖሊስም ለማንም ስለዛ ሌሊት አታውራ። ሽማግሌ ገንዘብ አስይዘህ እንዳትልክ፣ ከላይ ያለውን ለሕ. የጻፍኩትን አንብበው። ሰውየውንም በቀጥታ እንዳትደውልለት። ለኢንሹራንስህ አደጋ መድረሱን አሳውቀህ ካልሆነ ግን ዛሬ አሳውቅ፣ ዘግይተሃል ብለው ሽፋኑን ሊከራከሩበት ይችላሉ። የካሳ ክስ ከመጣ ሎየር የሚያቆምልህ ኢንሹራንስህ ነው፣ ለዛ ሎየር በየወሩ ስትከፍል ኖረሃል። የመጥሪያ ወረቀት ከደረሰህም መሳቢያ ውስጥ አታስገባው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መልስ ለመስጠት ያለህ 21 ቀን ነው።